የጊታር ቀለም ቅብ ስህተቶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ጥሬ የኤሌክትሪክ ጊታር ቦዲ ለሚቀቡ ወይም የድሮውን ቀለም አንስተው እንደገና ለመቀባት ለሚያስቡ ሰዎች ነው። በአብዛኛው የምናወራው በቤት ውስጥ፣ በስፕሬይ ጣሳ ወይም በትንሽ ኮምፕሬሰር ስለሚሠራ የናይትሮ ቅብ ነው፤ ይህም ናይትሮሴሉሎስ ያለበት፣ ቲነሩ ተንኖ ሲያልቅ የሚደርቅ ላከር ነው። አኩስቲክ ጊታር የሚለይበት ነገር ሲኖር እዚያው ተነግሯል። ከታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ የሚታዩት በመጨረሻው እጅ ወይም በማወልወል ሰዓት ነው፤ የተፈጠሩት ግን ሁለትና ሦስት ደረጃ ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ ችግር ሲያዩ ጣሳውን ከመውቀስዎ በፊት ወደ ኋላ ይቁጠሩ።

የድሮ ጊታር አለኝ፤ ቀለሙ ተላልጧል። ልቀባው?

መጀመሪያ ማን እንደሠራውና መቼ እንደተሠራ ይወቁ። ከ1970 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ፌንደር ወይም ጊብሰን ከሆነ አይንኩት። የተላጠም፣ የተሰነጣጠቀም፣ ላብ የበላውም ቢሆን የፋብሪካው ቀለም ከጊታሩ ዋጋ ትልቁን ድርሻ ይይዛል። እንደገና የተቀባ የዚያ ዘመን ጊታር በሰብሳቢዎች ገበያ ብዙ ጊዜ ወደ ግማሽ ዋጋ ይወርዳል፤ ቅቡ ምንም ያህል ቢያምር ይህን አይቀይረውም። ጊታሩን ከአባትዎ ወይም ከአጎትዎ ወርሰውት ከሆነ፣ ተከታታይ ቁጥሩን ሳያጣሩ ብርጭቆ ወረቀት አያንሱበት።

በቅርብ ዓመታት በብዛት የተመረተ ርካሽ ጊታር ከሆነ ግን ምንም አይሳሱ። ለመማሪያ የሚሆነው እሱ ነው።

የትኛውን የቀለም ዓይነት ልምረጥ?

ለጀማሪ ናይትሮ ወይም አክሪሊክ ላከር ይሻላል እላለሁ። ምክንያቱ ስህተት ማረም ቀላል መሆኑ ነው። የላከር አዲሱ እጅ የታችኛውን በጥቂቱ አሟሙቶ ይዋሃደዋል፤ አሥር እጅ ቢረጩም መጨረሻ ላይ የሚቀረው አንድ ሽፋን ነው። ፖሊዩሬቴንና ፖሊስተር ግን አንዴ ከጠነከሩ በኋላ የሚመጣባቸውን እጅ አያዋህዱም፤ ተደራርቦ ነው የሚቀመጠው። በአጸፋው ጠንካሮች ናቸው፤ ቶሎ አይጫሩም፣ ላብም አይበላቸውም።

ናይትሮ ዝናውን ያገኘው በጊታር ላይ ሳይሆን በመኪና ላይ ነው። የዱፖንት ኩባንያ "ዱኮ" የተባለውን የናይትሮ ቀለም በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ለጄኔራል ሞተርስ ሲያቀርብ፣ ቀናትና ሳምንታት ይፈጅ የነበረው የመኪና ቀለም ሥራ እጅግ አጠረ። ጊታር ሠሪዎችም ከዚያው ገበያ ገዙ። ፌንደር በልዩ ትእዛዝ ይቀባቸው የነበሩት ቀለማት ከመኪና ፋብሪካዎች የተወሰዱ ናቸው፤ ፊየስታ ሬድ ከፎርድ፣ ሌክ ፕላሲድ ብሉ ከካዲላክ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ፌንደር ወደ ወፍራም ፖሊስተር ሲዞር ጊብሰን በናይትሮው ቀጠለ። ይህ ታሪክ ዛሬም ይጠቅማል፦ "የጊታር ቀለም" የሚባል የተለየ ነገር ፍለጋ ከመድከም፣ የመኪና ቀለም ከሚቀላቅል ሱቅ የሚፈልጉትን መልክ ማስቀላቀል ይቻላል። ክሊሩ (ከቀለሙ በላይ የሚረጨው መልክ የሌለው ሽፋን) ከቀለሙ ጋር የሚስማማ መሆኑን ግን እዚያው ይጠይቁ።

ርጭት ጨርሶ የማይመችዎት ከሆነ በጨርቅ የሚቀባ ዘይት ወይም ሽላክ (በአልኮል የሚሟሟ የተፈጥሮ ሙጫ) አለ። ብዙ ሰው እንደ ሁለተኛ ደረጃ ምርጫ ያየዋል፤ እኔ ግን በደንብ በተዘጋጀ ዋንዛ ወይም ማሆጋኒ ላይ የተቀባ ዘይት፣ በጓሮ ከተረጨ መጥፎ ጥቁር ይልቅ ደስ ይለኛል።

ናይትሮ ድምፅ ያሳምራል የሚባለው እውነት ነው?

በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ለዚህ ብለው ገንዘብ አያውጡ። ድምፁን የሚወስኑት ፒክአፑ፣ ክሩ፣ አምፕሊፋየሩና ጣትዎ ናቸው። አኩስቲክ ላይ የላይኛው ሰሌዳ ስስ ስለሆነና እሱ ራሱ ስለሚንቀጠቀጥ የቅቡ ውፍረት ልዩነት ያመጣል፤ እዚያም ቢሆን ዋናው ነገር ምን ያህል ሳሳ የሚለው እንጂ የኬሚካሉ ስም አይደለም።

የድሮውን ቀለም ሙሉ በሙሉ ማንሳት ግዴታ ነው?

አይደለም፤ ሰዎች ያለ ምክንያት የሚደክሙበት ሥራ ይህ ነው። የድሮው ሽፋን ካልተላጠ፣ ካልተሰነጠቀና ከእንጨቱ ካልተነሳ ጥሩ መነሻ ነው። በቁጥር 320 ወረቀት ብርሃኑ እስኪጠፋ ድረስ አሽተው፣ አጽድተው፣ ከላዩ ይቀቡ። የተጎዳውን ቦታ ብቻ በፊለር ሞልተው እኩል ያድርጉ።

የእንጨቱ ጅማት እንዲታይ ፈልገው ከሆነ ግን ማንሳት የግድ ነው። የፋብሪካ ፖሊስተር በወረቀት ብቻ በቀላሉ አይነሳም፤ የሙቀት ሽጉጥ (ሞቃት አየር የሚነፋ መሣሪያ) ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ የሚፈጸመው ስህተት ሙቀቱን አንድ ቦታ ላይ ማቆየት ነው። እንጨቱ ይጠቁራል፤ ያን ጥቁረት ደግሞ በወረቀት ለማስወጣት ሲሉ ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ሽጉጡን እያንቀሳቀሱ፣ ቀለሙ ሲለሰልስ በማይቆርጥ መላጫ ይግፉት። በጊታሩ ጠርዝ ዙሪያ የፕላስቲክ ባይንዲንግ ካለ ሙቀት አያስጠጉ፤ ይቀልጣል፣ የድሮ ሴሉሎይድ ከሆነ ደግሞ በቀላሉ እሳት ይይዛል። ኬሚካል ማንሻም ባይንዲንግ ይበላል። ሜቲሊን ክሎራይድ ያለበት ማንሻ ሰው ስለገደለ በአሜሪካ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለግል ተጠቃሚ እንዳይሸጥ ተከልክሏል፤ በሌላ አገር ሱቅ ውስጥ ቢያገኙትም በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይክፈቱት።

ቀለሙን ከረጨሁ በኋላ የብርጭቆ ወረቀት ጭረት ወጣብኝ። ከየት መጣ?

ከመጀመሪያው ነበር። ጥሬ እንጨት ብርሃን ስለማያንጸባርቅ ጭረቱን ይደብቀዋል፤ ጥቁር ቀለም ወይም አንጸባራቂ ክሊር ሲያርፍበት ሁሉም ይወጣል። መንስኤው ሁለት ነው። አንደኛው ቁጥር መዝለል ነው፤ ከ80 ወደ 220 በቀጥታ የሄደ ሰው የ80ውን ጭረት አላጠፋም፣ ጫፍ ጫፉን ብቻ ነው ያለሰለሰው። 120፣ 150፣ 180፣ 220 እያሉ ይሂዱ። ሁለተኛው በጅማቱ አቅጣጫ አለማሸት ነው።

የቦዲው ጫፎችና የቀንዶቹ (በአንገቱ ግራና ቀኝ የወጡት) ውስጥ ክፍል የእንጨቱ አፍ፣ ማለትም ጅማቱ ተቆርጦ የሚታይበት ገጽ፣ የሚገኝባቸው ቦታዎች ናቸው። እዚያ ጭረት ግትር ነው፣ ቀለምም ይጠጣል። ጊዜዎን እዚያ ያጥፉ። ጠፍጣፋውን ክፍል በጣት ሳይሆን በእንጨት ወይም በቡሽ ላይ በተጠቀለለ ወረቀት ይሹ፤ ጣት ጎድጎድ ያለ መስመር ትቶ ያልፋል፣ በመስታወት መሰል ክሊር ስር ደግሞ ያ ማዕበል ሆኖ ይታያል።

ከመቀባትዎ በፊት መብራት አጥፍተው በስልክ ባትሪ ከጎን ዝቅ አድርገው ያብሩበት። ጭረቱ፣ የተጨፈለቀው ቦታ፣ የተረሳው ኮላ ሁሉ ጥላ ይጥላል።

እስከ ስንት ቁጥር ላለስልስ? 600 ብደርስ አይሻልም?

አይሻልም። ጥሬ እንጨት በ220 ይበቃዋል። በጣም ከለሰለሰ ማቅለሚያው (እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ጅማቱን ሳይሸፍን መልክ የሚሰጠው) አይገባለትም፤ ቅቡም የሚይዝበት ያጣል።

እንጨቱን ማቅለሚያ ስቀባው ነጣ ያሉ ነጥቦች ቀሩ። ለምን?

ኮላ ነው። ቦዲው ሲጣበቅ የተጨመቀው ኮላ በእርጥብ ጨርቅ ሲጠረግ ይቀጥናል እንጂ አይጠፋም፤ ወደ እንጨቱ ይገባና ማቅለሚያውን ያግዳል። አስቀድሞ ለማወቅ ጥሬውን እንጨት በእርጥብ ጨርቅ ያብሱት፦ ኮላ ያለበት ውኃ አይጠጣም፣ ነጣ ብሎ ይታያል። ይህ ሁለተኛም ጥቅም አለው። ውኃ የተጋደመውን የእንጨት ፀጉር ያስነሳል፤ ሲደርቅ በ220 ቀስ ብለው ካነሱት፣ በውኃ የሚበጠበጥ ማቅለሚያ በኋላ ሲመጣ እንደገና አይሻክርም።

ማቅለሚያው ከገባ በኋላ ኮላውን ካገኙት፣ ቦታውን ብቻ መፈተግ ሌላ ነጥብ ይፈጥራል። ሙሉውን ገጽ ይመለሱበት፤ ወይም ድፍን ቀለም ይምረጡ።

ቀለሙ በክብ በክብ እየሸሸ እንጨቱን ገለጠ። ይህ ምንድን ነው?

"የዓሣ ዓይን" የሚባለው ነው። መንስኤው በአብዛኛው ሲሊኮን ነው፤ በቤት ዕቃና በመኪና ማስዋቢያ ፖሊሽ፣ በአንዳንድ የጊታር ማጽጃና የክር ማለስለሻ ውስጥ አለ። የድሮ ጊታር ከሆነ ለዓመታት የተቀባው ሁሉ በስንጥቁና በብሎን ቀዳዳው ገብቶ ተቀምጧል። የእጅ ወዝም ያንኑ ያደርጋል፤ እንጀራ በወጥ ከበሉበት እጅ ጋር ጥሬ ቦዲ አይነካካም።

ሲታይ ማድረግ የሌለብዎት ነገር በቀለም አሰምጣለሁ ብሎ ደጋግሞ መርጨት ነው። ያቁሙ። ይድረቅ። ያሹት፣ ያጽዱት፣ ሰም የሌለው ሽላክ አንድ ሁለት እጅ ቀብተው ቆሻሻውን ከታች ይዝጉት፤ ከዚያ በጣም ስስ በሆነ፣ ጤዛ በሚያክል ርጭት ይጀምሩ። "የዓሣ ዓይን ማጥፊያ" እየተባለ ቀለም ውስጥ የሚጨመረው ፈሳሽ ራሱ ሲሊኮን ነው፤ ያን ጊታር ቢያድንም የመርጫ ሽጉጡን ስለሚበክል ቀጣዩን ሥራ ያበላሻል።

ለማጽጃ የውጭ መመሪያዎች ሁሉ ናፍታ ይላሉ። እሱ ለሲጋራ ላይተር የሚሞላው ዓይነት ቶሎ ተንኖ የሚጠፋ ነዳጅ ነው፤ ከማደያ የሚቀዳው ናፍጣ አይደለም። ናፍጣ የነካው እንጨት ዘይት ጠጥቶ ይቀራል፣ ቀለምም አይይዝም።

እንደ መስታወት ያወለወልኩት ከወር በኋላ የእንጨቱ ቀዳዳ መልክ አወጣ። ምን አጎደልኩ?

የቀዳዳ መሙያ። አሽ፣ ማሆጋኒ፣ እኛም ጋ ዋንዛ ክፍት ቀዳዳ ያላቸው እንጨቶች ናቸው። ክሊሩ ሲረጭ ቀዳዳውን ይሞላና እኩል ይመስላል፤ ቲነሩ ወጥቶ ሲያልቅ ሽፋኑ ይሰበሰባል፣ ወደ ቀዳዳውም ይሰምጣል። በክሊር ብቻ ልሙላው ያለ ሰው ወይ ወፍራም ቅብ ይሠራል ወይ ይህን ያያል።

መሙያውን በጅማቱ አግድም እየጎተቱ ያስገቡት፤ ትርፉን በጅማቱ አግድም ይጥረጉት፤ በጅማቱ ርዝመት ከጠረጉት ከቀዳዳው መልሶ ይወጣል። አሽ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ዙር ይፈልጋል። ከዚያ መሙያው እስኪደርቅ ይጠብቁ፤ በዘይት የተሠራ ከሆነ ቀናት ይፈልጋል። ለግድግዳ የሚሆን ስቱኮ ለዚህ አይሆንም፤ በክሊር ስር ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል፣ ይፈረፈራልም። አልደር፣ ሜፕልና ባስዉድ ቀዳዳቸው ጠባብ ስለሆነ ያለ መሙያ፣ ሲለር (እንጨቱን የሚዘጋ ስስ የመጀመሪያ ሽፋን) ብቻ ይበቃቸዋል።

ክሊሩ እንደ ጉም ነጣ። ተበላሸ?

አልተበላሸም። ቲነር ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፤ አየሩ እርጥብ ከሆነ ጤዛ ሽፋኑ ውስጥ ይያዛል። አዲስ አበባ ላይ በሐምሌና በነሐሴ፣ ዋሽንግተን አካባቢ በበጋው ወበቅ፣ በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ከተሞች ደግሞ ዓመቱን ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነው። አየሩ ከ60 በመቶ በላይ እርጥበት ካለው ናይትሮ አይርጩ፤ ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ከአንድ የባከነ ጣሳ ያነሰ ዋጋ አለው።

ቀላሉ ጉም ደረቅና ሞቃት ክፍል ውስጥ ሲያድር በራሱ ይለቃል። ካልለቀቀ በደረቅ ቀን በጣም ስስ የሆነ የቲነር ርጭት፣ ከተገኘም ዝግ ብሎ የሚተን ቲነር፣ ሽፋኑን መልሶ ይከፍተዋል፤ ውኃው ይወጣል። ከላዩ ሌላ ክሊር ደርቦ መሸፈን ግን እርጥበቱን መቅበር ነው።

ክረምት ላይ ሥራው ሙሉ በሙሉ ይቁም ማለት አይደለም። እንጨት ማለስለስ፣ ቀዳዳ መሙላት፣ ዘይት መቀባት ሁሉ በዝናብ ይሠራሉ። መርጨቱን ለመስከረም መጨረሻ ያቆዩት።

የብርቱካን ልጣጭ፣ ወራጅ፣ አሸዋ መሳይ ሻካራነት፣ የአረፋ ነጥብ፦ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ብርቱካን ልጣጭ የሚመስለው ቀለሙ ሳይንጣለል ስለደረቀ ነው፤ ከሩቅ ተረጭቷል፣ ወይም ወፍራም ነው፣ ወይም ጣሳው ቀዝቅዟል። ጣሳውን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ያቆዩት፤ በምድጃ ላይ ግን በፍጹም። ወራጅ ከቅርብ ወይም ቀስ ብሎ በመርጨት ይመጣል። እርጥብ እያለ አይንኩት፤ በደንብ ሲደርቅ በምላጭ ጠርዝ ፍቀው ያስተካክሉት። አሸዋ መሳይ የሚሆነው ቀለሙ ገጹ ላይ ሳይደርስ አየር ላይ ሲደርቅ ነው፤ በሞቃትና ነፋሻ ቦታ የተለመደ ነው። አረፋ ደግሞ ላዩ ቀድሞ ደርቆ ከሥር ያለው ቲነር ሲተነፍስ ነው፤ እጆቹ ወፍራም ነበሩ ወይም ተጣደፉ።

መድኃኒቱ ለሁሉም ተቀራራቢ ነው። ከ20 እስከ 25 ሴንቲሜትር ርቀት፤ ርጭቱ ከቦዲው ውጭ ተጀምሮ ከቦዲው ውጭ ያልቅ፤ እያንዳንዱ መስመር ያለፈውን ግማሹን ይደርብ፤ እጅ አይታጠፍ። ጠርዞቹን መጀመሪያ፣ ሰፊውን ገጽ በመጨረሻ። መጀመሪያ ካርቶን ላይ ይለማመዱ።

ሁለተኛውን እጅ ስረጭ ቀለሙ ተጨማደደ። ለምን?

ላከርን በዘይት ቀለም ላይ ረጭተዋል። ለበርና ለብረት የሚቀባው ሲንተቲክ ቀለም ስር ካለ፣ የላከሩ ቲነር ሰርስሮ ገብቶ ያሳብጠዋል፤ ቀለሙም እንደ ፍም የነካው ፌስታል ይሰበሰባል። የሱቅ ስፕሬይ ጣሳዎች ሁሉ አንድ ይመስላሉ፤ ግማሹ ኢናሜል (ይኸው የዘይት ቀለም) ግማሹ ላከር ነው። ጽሑፉን ያንብቡ፤ ፕራይመሩን፣ ቀለሙንና ክሊሩን ከተቻለ ከአንድ አምራች ይግዙ። ምንም ጊዜ ቢሆን ሙሉውን ቅደም ተከተል መጀመሪያ ከቦዲው በተቆረጠ ቁራጭ እንጨት ላይ ይሞክሩት። ከተጨማደደ በኋላ ማዳኛ የለም፤ እስከ ጤነኛው ድረስ መፋቅ ነው።

ከመጨረሻው እጅ በኋላ ስንት ቀን ልጠብቅ?

ለናይትሮ ከ3 እስከ 4 ሳምንት፣ ቀዝቃዛ ቤት ከሆነ ከዚያም በላይ። መንካት መቻሉና መጠንከሩ የተለያዩ ናቸው፤ በሰዓት ውስጥ እጅ ላይ አይቀርም፣ ውስጡ ግን ገና ቲነር ይተነፍሳል። በዚህ ጊዜ ቢያወለውሉት ያምራል፤ ከዚያ ሽፋኑ እየተሰበሰበ የወረቀቱን ጭረትና የእንጨቱን ጅማት ያወጣል፣ እንደገናም ያሠራዎታል።

አፍንጫዎን አስጠግተው ያሽቱት። የቲነር ሽታ ካለ ገና ነው። አንጥልጥለው ይተዉት፤ በጨርቅ ጠቅልለው ወይም ሻንጣው ውስጥ ከተው ከሆነ የሚጠብቁት አልጠነከረም፣ የጨርቁን ሽመናም አትሞ ያገኙታል። ብዙ ጥሩ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ሰው ወር ሙሉ ታግሦ ሠርቶ ቅዳሜ ላለች ዝግጅት ብሎ ክር ያስርበታል።

ሳለሰልስ ጠርዙ ላይ እንጨቱ ወጣ። እንዳይደገም ምን ላድርግ?

ጠርዝ ላይ ቀለም ይሳሳል፤ ወረቀት ደግሞ እዚያ ይጫናል። ስለዚህ ሲረጩ ለጠርዞች ተጨማሪ ማለፊያ ይስጡ። በመካከለኛው ማሸት ጠርዙን ጨርሶ አይንኩ፤ በመጨረሻው ደግሞ በ1500 ወይም በ2000 ብቻ፣ በእጅ፣ አንድ ሁለቴ ያልፉበት። ብረታማ ቀለም ከሆነ ቀለሙን ራሱን በፍጹም አያሹት፤ ክሊር ከደረበ በኋላ ብቻ።

ላከር ከሆነ ቦታውን በቀለም ነካ ነካ አድርገው ክሊር መድገም ይቻላል። ፖሊዩሬቴን ላይ ግን ከአንዱ እጅ ወደ ታችኛው ሲደርሱ በካርታ ላይ እንዳለ የከፍታ መስመር ዙሪያውን ድንበር ይወጣል። ያን ድንበር ማወልወል አያጠፋውም፤ ሙሉውን ገጽ አሽተው አንድ ሙሉ እጅ መድገም ነው ያለው።

በውኃ ካለሰለስኩ በኋላ በብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ቀለሙ ተሰነጠቀ።

ውኃ ወደ ጥሬው ቀዳዳ ገብቶ እንጨቱን አሳበጠው። ይህን ስህተት ብዙ መመሪያዎች ሳያነሱት ያልፋሉ፤ ጉዳቱ ግን የማይመለስ ነው። ቀዳዳዎቹን በሰም ይድፈኑ፤ ወይም ከውኃ ይልቅ ያንን ቶሎ የሚተን የላይተር ነዳጅ ይጠቀሙ፣ ከእሳት ርቀው። በውኃ ከሠሩ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ሳሙና ይጨምሩ፤ ወረቀቱ በፍቅፋቂ አይደፈንም። ወረቀቱን ያርጥቡ እንጂ ቦዲውን አይዘፍዝፉ።

ብሎን ሲመለስም ቀለም ይሰነጠቃል። የቀዳዳውን አፍ በሰፋ ያለ መሰርሰሪያ በእጅ አንዴ ዞር አድርገው ቀለሙን ከጫፉ ያርቁት፤ የብሎኑን ጥርስ ሻማ ያስነኩት።

የትኞቹ ቦታዎች መቀባት የለባቸውም?

የአንገቱ ማስገቢያ ዋናው ነው። እዚያ ወፍራም ቀለም ከተቀመጠ አንገቱ ከፍ ይላል፣ አቀማመጡ ይዛባል፤ ጠባብ ከሆነ ደግሞ ብሎኑ ሲጠብቅ የማስገቢያው ጥግ ላይ ቀለሙ ይሰነጠቃል። ስስ ሲለር ይበቃዋል። ሮዝዉድና ኢቦኒ ፊንገርቦርድ (በአንገቱ ላይ ጣት የሚያርፍበት ሰሌዳ) አይረጭም፤ ሜፕል ግን ይረጫል፣ ካልሆነ በላብ ይጠቁራል። አኩስቲክ ላይ ብሪጁ (ክሮቹ ቦዲው ላይ የሚታሰሩበት እንጨት) የሚጣበቅበት ቦታ ጥሬ እንጨት መሆን አለበት፤ በክሊር ላይ የተጣበቀ ብሪጅ በክሮቹ ጉተታ አንድ ቀን ይነቀላል።

መሸፈኛ ፕላስተሩን ቀለሙ ጠንክሮ ከደረቀ በኋላ መንጨት ጠርዙን ገንጥሎ ያመጣል። በምላጭ በስሱ መስመር ያስይዙ፣ ከዚያ ፕላስተሩን ወደ ራሱ አጥፈው ቀስ ብለው ይሳቡት።

አዲሱ ናይትሮ ጊታሬ ማቆሚያው የነካው ቦታ ላይ ቀለጠ።

የማቆሚያው ጎማ ወይም ፎም ከናይትሮ ጋር አይስማማም። የጥጥ ጨርቅ ያልብሱት። የፕላስቲክ ማንገቻም ያው ነው።

ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ ናይትሮ ስፕሬይ ይዞልኝ ቢመጣስ?

አይችልም። ተቀጣጣይ የቀለም ጣሳም ሆነ የፈሳሽ ላከር ቆርቆሮ በመንገደኛ አውሮፕላን፣ በእጅ ሻንጣም በሚጫነውም፣ የተከለከለ ነው። መደበቅ ማለት የሌላውን ሰው ሕይወት ማስያዝ ነው።

ይልቅ ደረቁን ያስመጡ፦ ጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ከ800 እስከ 2000፣ በዱቄት የሚመጣ የእንጨት ማቅለሚያ፣ በቅርፊት የሚሸጥ ሽላክ። ሽላኩን እዚህ በንጹሕ አልኮል ያሟሙታል፤ 95 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ። ካቲካላ ውኃው ብዙ ስለሆነ ሽላኩን ያነጣዋል፤ ለሠሪው ይሆናል ካልተባለ በቀር ለጊታሩ አይሆንም። ናይትሮውን ራሱን የቤት ዕቃ ከሚሠሩ የእንጨት ሥራ ቤቶች ጠይቆ ማግኘት ይቻላል።

ጭምብል በእርግጥ ያስፈልጋል?

ያስፈልጋል፤ ለኮሮና እናደርገው የነበረው ዓይነት ግን አይደለም። እሱ የአቧራ እንጂ የቲነር ጋዝ አያግድም። ለኬሚካል ጋዝ የሚሆን ካርትሪጅ ያለው ጭምብል ይግዙ። ማጠንከሪያ የሚቀላቀልባቸው ባለ ሁለት ክፍል ቀለሞች፣ "2ኬ" የሚባሉት፣ አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል አለባቸው፤ ሳይሸት ሳንባን ይጎዳል፣ ዕድሜ ልክ የሚቆይ አስም ሊያስከትል ይችላል። የመኪና ቀለም ባለሙያዎች ከውጭ ንጹሕ አየር በቧንቧ እየተላከላቸው የሚረጩት ለዚህ ነው። በመኖሪያ ቤት 2ኬ አይረጭም፤ መረጨቱ ካስፈለገ ቦዲውን ወደ መኪና ቀለም ቤት ይውሰዱት።

የናይትሮ ጋዝ መሬት ለመሬት ተስቦ ራቅ ካለ እሳት ይደርሳል። ግቢው ውስጥ ከሰል ተያይዞ ቡና እየተፈላ ወይም ዕጣን እየጨሰ ርጭት አይታሰብም። ዘይት የቀቡበትን ጨርቅ ደግሞ ጨምድደው ቅርጫት ውስጥ አይጣሉት፤ በራሱ ግሎ ይቀጣጠላል። ዘርግተው ውጭ ያድርቁት፣ ወይም ውኃ ውስጥ ይንከሩት።

ይህ ሁሉ ለክራርም ይሠራል?

ለእንጨቱ ክፍል ይሠራል፤ በተለይ ፒክአፕ ለሚገጠምለትና ሳጥኑ ድፍን እንጨት ለሆነው። ቆዳው ግን አይቀባም፤ ላከር ያደርቀዋል፣ ድምፁንም ያፍነዋል። ክሮቹ በቀጥታ የሚጠመጠሙበት ክራር ከሆነ ቀንበሩም ጥሬ ይቅር ወይም በዘይት ብቻ ይታሽ፦ ቅኝቱን የሚይዘው በክሩና በእንጨቱ መካከል ያለው ፍትጊያ ስለሆነ፣ በሚያንሸራትት ክሊር ላይ ክሩ ዘፈኑ ሳያልቅ ይላላል። ቁልፍ የተገጠመለት ከሆነ ግን ይህ ችግር የለም፤ ቀዳዳዎቹን ብቻ ከቀለም ያጽዱ።